የማለዳው ጡሩምባ

በደርግ ጊዜ የፋብሪካው ጡሩምባ ማለዳ ሲነፋ፣ ያሳደጉኝ አጎቴ ጣና ዳር ካለው ቤታችን በራፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቆሙ ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን እሳቸው ይጀምራሉ፣ እኛ የቤቱ ልጆች እንከተላለን። ከዚያ ቱታቸውን ለብሰው ወደ ፋብሪካው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ካድሬው በዚህ ያልፋል፤ ውስጥ ብንጸልይስ?» አልኋቸው።

«ይለፍ። ጡሩምባውን እነሱ ለሥራ ይንፉት፤ እኔን ግን መጀመሪያ የሚጠራኝ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

በቀበርናቸው ማግስት ጡሩምባው እንደ ልማዱ ተነፋ። ሁላችንም ወጥተን በራፉ ላይ ቆምን። እሳቸው የሚቆሙበትን ቦታ ማንም አልረገጠውም። ጸሎቱን ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ግን እሳቸው እንዲጀምሩልን ጠበቅን።