ከትርንጎ ያስቀረሁት ደረጃ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴም አያውቁትም። "አባቴ፣ በጨዋታ ላይ የሰው ነጥብ ሰረቅሁ" ብላቸው ይስቁብኛል ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ጨዋታው በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ስለሆነ ነው። ዛሬም እኮራበታለሁ። አንባቢዬ፣ ኩራቴን ይታገሱኝ፤ ጥፋቴም ያለው እዚያው ነው።

ከአዲስ አበባ ወረታ የመጣሁት ጂኦግራፊ ላስተምር ነው። ከዩኒቨርሲቲ አንድ ጨዋታ ይዤ መጥቼ ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ባለታሪክ ይፈጥራል። ተራኪው መከራ ያመጣል፣ ተጫዋቾቹ በብልሃትና ቁጥር ባለው መወርወሪያ፣ በዳይስ፣ ይወጡታል። በመጨረሻ ተራኪው እንደየሥራቸው የልምድ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ባለታሪኩ በደረጃ ያድጋል። ከሁሉ በደረጃ የላቀው የጓዱ መሪ ይሆናል፤ ይህን ሕግ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ተራኪውም እኔ ነበርኩ። የፈረንጅ ዘንዶና ግንብ ትቼ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲውጥ፣ ከብትና ሰው አንድ ጉብታ ላይ ሲጨናነቅ አመጣሁላቸው። ክረምት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ በሩዝ ነጋዴው በአስናቀ መጋዘን ጆንያ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት የቆርቆሮውን ዝናብ የሚሰማ አልነበረም። ይህን ማን ሠራው? እኔ!

ትርንጎ ከተጫዋቾቻችን አንዷ ነበረች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ የቀጥቃጭ ልጅ። ዳይሳችን የጠፋ ጊዜ አባቷ ከብረት ቀጥቅጠው ሌላ ሠሩልን፤ ሳንቃ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ደስ ይላል። ቀጥቃጭ በዚህ አገር ምን እንደሚባል እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። ማረሻውን ከእጃቸው የሚቀበለው ገበሬ ልጁን አይድርላቸውም፤ ቡዳ ናቸው ይላል። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ወሬ እንቃለሁ። እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ እሑድ በጨዋታው ውስጥ ውኃ ከበበን። ታንኳው ተወስዷል። መሪያችን የአስናቀ አዳኝ ነበር፤ ዋኝተን እንውጣ ቢልም ከመካከላችን ዋና የሚችል ጥቂት ነው። ያኔ ትርንጎ ላሞቹን ከፊት እንልቀቃቸው፣ እነሱ መዋኘት ያውቃሉ፣ እኛ ጭራቸውን እንያዝ አለች። ዳይሱን ወረወረች፤ ሁላችንም ተሻገርን። መጋዘኑ በጭብጨባ ተናወጠ።

እኔ እያጨበጨብኩ በልቤ አሰላሁ። ለዚህ ሥራ የሚገባትን ብሰጣት አስናቀን ታልፈዋለች፤ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ መሪዋ እሷ ናት። በአስናቀ መጋዘን፣ በአስናቀ ጆንያ ላይ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ልታዝዝ? ተጫዋቾቹ ይበተናሉ፣ ጨዋታዬ ይፈርሳል አልኩ። ስለዚህ ግማሹን ሰጠኋት። "ያዳኑን እኮ ላሞቹ ናቸው" ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ! ደግማ ስትቃረብ ለሚቀጥለው ደረጃ የሚጠየቀውን ነጥብ ጨምሬ ዳገቱን አረዘምኩባት፤ "ከዚህ ደረጃ በላይ ዕድገት ዝግ ይላል፣ ሕጉ ነው" አልኩ። እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። አስናቀ ሲያድግ ዳገቱ ያጥራል፣ እሷ ስትደርስ ይረዝማል፤ ነጥቡን የምይዘው ግን እኔ ስለነበርኩ ማንም አልጠረጠረም። በዚህ ብልሃቴ እንኳ ኮርቼ ነበር። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ትርንጎ ወደ ሐሙሲት ከተማ ተዛወረች። እዚያም እሑድ እሑድ ተማሪዎቿን ሰብስባ ይህንኑ ጨዋታ ማጫወት ጀመረች። እኔም "የእኔ ተማሪ ናት" እያልኩ በየሄድኩበት አወራሁ። ባለፈው ሰሞን ልትጠይቀኝ ወረታ መጣች። ለርእሰ መምህርነት አጭተዋት እምቢ ማለቷን ነገረችኝ። ለምን አልኳት።

"አይ ጋሼ፣ እኔ እኮ ዘግይቼ የማድግ ሰው ነኝ። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሳዩኝ? ገና ነኝ" አለችኝ፤ ደግሞም ትዕግሥት አስተማሩኝ ብላ አመሰገነችኝ።

አመሰገነችኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማጽናኛ ፍለጋ አስናቀ ዘንድ ሄድኩ። ያኔ ትርንጎ ብታልፍህ፣ እሷ እየመራች አብረህ ትቀመጥ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቢያንስ አልቀመጥም ቢለኝ ኃጢአቱን እንካፈላለን።

"ምን ነካህ አንተ? እኔማ ከዚህ መሪነት መቼ ነው የምትገላግለኝ እያልኩ እሷን ስጠብቅ ነበር" አለና ሳቀ።

እንዲህ የሚለው ዛሬ ስለሆነ ነው ልል ፈለግሁ። ግን ያኔም አስናቀ የውኃውን ጣሳ ከትርንጎ እጅ ተቀብሎ እንዲያው ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሳው ከእሷ ሲመጣ አለቅልቆ የሚጠጣው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ። ለንጽሕና ነው እል ነበር። ከሌሎቹ እጅ ስቀበል ግን አንድም ቀን አለቅልቄ አላውቅም።

ስለዚህ ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። የወረታን ሰው ተገን አድርጌ የራሴን ንቀት ነው የፈጸምኩት። ሰረቅኋት። እኔ፣ የተማርኩት፣ ሰረቅኋት።

ትምህርት ቤቱ እስከ ሰኞ ሐሳቧን እንድትቀይር ጊዜ ሰጥቷታል። ነገ እሑድ ነው፤ የአባቷን ዳይስና ይህን ጽሑፍ ይዤ ሐሙሲት እሄዳለሁ፤ ተማሪዎቿ ፊት አነብበዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቃትም። ብጠይቃት ወዲያው ትሰጠኛለች፣ አውቃታለሁ፤ የምድነውም እኔ ብቻ እሆናለሁ። የሷን ልመልስላት እንጂ።

ትርንጎ፣ ላሞቹን የለቀቅሽ ዕለት አስናቀን አልፈሽው ነበር። ከዚያ እሑድ ጀምሮ መሪያችን አንቺ ነበርሽ። ያዘገየሁሽ እኔ ነኝ።