ጅቡቲ ላይ የማይረጋ ዘይት

መጀመሪያ የመጣብኝ ድካም ነው። ካርቲየ 5 ከሚባለው ሰፈር ካለው ሱቃችን እስከ ቤት ያለችው አጭር መንገድ ታስለከልከኝ ጀመረች። ቀጥሎ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ከበደኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኩ። እዚህ አገር ሁሉ ነገር በሙቀቱ ይሳበባል!

ባለቤቴ ከማል ጎትቶ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ደም ሰጠሁ፤ ኢኮግራፊ፣ እኛ አልትራሳውንድ የምንለውን፣ ተነሣሁ። ሐኪሟ እንዲገባኝ ፈረንሳይኛዋን ቀስ አድርጋ ተናገረች።

«ማዳም፣ ጉበትሽ ስብ ይዟል። ትራንሳሚናዝ የሚባለው የጉበት ኢንዛይምም ከፍ ብሏል፤ ብግነት አለ ማለት ነው። እንዲህ ከቀጠለ ጠባሳ ይሠራል።»

መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ልጄ ሐናን ገና ሕፃን ነበረች። ማን ያሳድጋታል? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

«በምን ዘይት ነው የምታበስሉት?»

«በጥሩው! በማይረጋው!» አልኳት ኮራ ብዬ።

ያገሬ ሰው ይረዳኛል። አዲስ አበባ ሳለን ዘይት የምንመርጠው በዓይን ነበር፤ ጠዋት ረግቶ ከተገኘ መጥፎ፣ ካልረጋ ጥሩ። ጅቡቲ ስመጣ አንዱም አይረጋም። አልሐምዱሊላህ ብዬ በቢጫ ጀሪካን በሚሸጠው ዘይት ሳምቡሳዬን ጠበስኩ፤ የተረፈውን ዘይት በማግስቱ መልሼ አሞቅኩት። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ለሰሚራም ይድረሳት ብዬ በጭነት መኪና ሾፌር ላክሁላት።

ምርመራው ባለቀ ሰሞን ሰሚራ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አንቺ! የላክሽው ዘይት እኮ በዚህ ብርድ እንደ ቅቤ ረጋ!»

ወይ ጉዴ! ጀሪካኑን አገላብጬ ሳነብ ለካ ያው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። በዚህ ሙቀት ምን ይረጋል?

ለሐኪሟ ስነግራት ሣቀች። «ሁሉንም በዘይቱ አታላክኪ። ዓይነቱም አለበት፤ ግን ብዛቱ፣ ደጋግሞ ማሞቁ፣ ለስላሳ መጠጡ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጡም አለበት» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ሾፌሮቹ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ውለው ወደ ሱቃችን ብቅ ሲሉ፣ እኔ ስጠብስ እነሱ ሳህኑን ሲያራግፉ፣ ከማል አፉን እያቃጠለው «ደግሚኝ» ሲል፣ ሣቃችን ከጎረቤት ይሰማ ነበር። አሁን ዘይቱን በማንኪያ እየለካሁ፣ ዓሣውን በሎሚና በሚጥሚጣ እየቀቀልኩ፣ አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲነሣ ከከማል ጋር ራስ ዲካ እስከሚባለው የባሕር ዳርቻ በእግሬ እየሄድኩ፣ ክብደቴም ድካሜም ቀስ በቀስ ቀነሰልኝ። ያ ሳምቡሳ ወዳድ ሰውዬ የቀቀልኩትን ሁሉ ፊቱን ሳያጨማድድ አብሮኝ በላ፤ አላህ ይስጠው።

እናንተም እንደኔ የተነገራችሁ፣ አትደንግጡ፤ ግን አትዘናጉ። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ማንበብ ለከበደው አንብቡለት። የጠቆረ ዘይት መልሳችሁ አታሙቁ። ለጉበት ነው የተባለ ቅጠል ሁሉ አትጠጡ፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይጎዳል ብላኛለች ሐኪሟ። ምርመራችሁንም አታቋርጡ።

እኔ በመጨረሻው ቀጠሮ «ማዳም፣ ብግነቱ ጠፍቷል፤ ጠባሳም የለም» ስባል እዚያው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዘንድሮ ሐናን ትምህርት ቤት ገባች። በመጀመሪያው ቀን እጇን ይዤ ያደረስኳት እኔ ነኝ።