የእትዬ ገበያነሽ ፀጉር

ሃይለአብ እሑድ ከሰዓት ፀጉር አይቆርጥም። ደንበኞቹ ይህን ስለሚያውቁ ለሠርግም ለልደትም የሚዘጋጁት ቅዳሜ ይመጣሉ። ካዛንቺስ የነበረችው ፀጉር ቤቱ ከሰፈሩ ጋር ተነሥታ፣ ከጓደኛው ከሁዘይፋ ጋር ወሎ ሰፈር ጠባብ ቤት ተከራይተው መሥራት ከጀመሩ ወዲህም ልማዱን አልተወም። እሑድ ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ሽርጡን ያወልቃል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል።

«ቅዳሴህ ደረሰ?» ይለዋል ሁዘይፋ ቶንዶሱን ሳያጠፋ።

«ደረሰ» ይላል ሃይለአብ። ቀልዱ አያስከፋውም። እውነትነት እንዳለው እሱም ያውቃል።

የሚሄደው ቴአትር ለማየት ነው። ቴአትር ማለት ደግሞ ለሱ ተዋናይዋ እትዬ ገበያነሽ ናቸው።

ነገሩ በዝናብ ነው የጀመረው። ገና ወጣት ሳለ፣ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ውሎ በስታዲየም በኩል ወደ ቂርቆስ ሲመለስ የሐምሌ ዶፍ ያዘው። ሮጦ የተጠለለበት በረንዳ የቴአትር ቤት በረንዳ ነበር። ዝናቡ አላባራ ሲል «ቆሜ ከምበሰብስ» ብሎ ገባና ከኋላ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። መጋረጃው ሲገለጥ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ወደ መድረኩ ወጣች። እንስራው ባዶ እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ለቴአትር ማን ውሃ ይሞላል? ሴትዮዋ ግን ጎንበስ ብላ፣ ድንጋይ እንዳያደናቅፋት መሬት መሬት እያየች፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ስታስተካክል፣ ሃይለአብ የውሃውን መንቦጫቦጭ ሰማ። እስከ ዛሬም ሰምቻለሁ ብሎ ይምላል። የዚያን ቀን ከአዳራሹ ሲወጣ ዝናቡ መቆም አለመቆሙን ልብ አላለም።

ከዚያ በኋላ እሳቸው የሠሩት ቴአትር አንድም አላመለጠውም። ሲያልቅም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዞሮ በኋላ በር፣ መኪኖች በሚቆሙበት በኩል፣ ከሌሎች አድናቂዎች ጋር ይጠብቃቸዋል። ሁልጊዜም የሚገርመው አንድ ነገር ነበር። መድረኩ ላይ ከአጥር ከቤቱ የሚገዝፉት ሴት፣ በዚያች በር ሲወጡ ትከሻው ላይ እንኳ የማይደርሱ፣ ቀጭን፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ፣ ጫማቸው የሚያማቸው የሚመስሉ እናት ናቸው። ያ ሁሉ ግዝፈት የት ገባ? ሌላው ሰው ፎቶ ሲነሣ፣ ሲስቅ፣ ሲያወራ፣ እሱ ግን ምላሱ ይታሰራል። ተራው ሲደርስ ዝቅ ብሎ እጃቸውን ይጨብጥና «ዕድሜ ይስጥልን፣ እትዬ» ይላል። «አሜን፣ ልጄ» ይሉታል። በቃ። ያችን ይዞ ሳምንቱን ይከርማል።

ባለፈው ዓመት እትዬ ገበያነሽ አዲስ ቴአትር ጀመሩ። ልጇ በስደት መንገድ ላይ የጠፋባት እናት ሆነው ነው የሚሠሩት። ቴአትሩን በሙሉ ልጇን በተስፋ ስትጠብቅ ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ መርዶ ይመጣል። ከዚያ መብራት ይጠፋና ተመልሶ ሲበራ፣ እናትየዋ ፀጉሯን ተላጭታ፣ አንድም ቃል ሳትናገር በመድረኩ መሐል ተቀምጣለች። የተላጨ እንዲመስል እትዬ ገበያነሽ የሚያጠልቁት የጎማ ቆብ ነበር። ሕዝቡ ያለቅስ ነበር። ሃይለአብም ያለቅሳል። ግን በዚያች ሰዓት ዓይኑ ወደ ቆቡ ጠርዝ እየሄደ ያስቸግረዋል። እሳቸውን የመሰለ ሰው ላይ እንከን ማየት ድፍረት መስሎት ራሱን ይቆጣል።

አንድ እሑድ እንደ ልማዱ በኋላ በር ቆሞ እጃቸውን ሲጨብጥ፣ እትዬ ገበያነሽ እጁን አልለቀቁትም። ከሸሚዙ ኮሌታ ላይ አንዲት ቅንጣት ፀጉር በሁለት ጣታቸው አነሡ።

«ይሄ የማን ፀጉር ነው? ያንተስ ከርዳዳ ነው።»

ሃይለአብ ደነገጠ። «የ... የደንበኛ ነው፣ እትዬ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ።»

«ስምህ ማነው?»

«ሃይለአብ።»

«ወላጆችህ ከየት ናቸው?»

«ከአዲግራት ናቸው። እኔ እዚሁ ቂርቆስ ነው የተወለድኩት።»

ፈገግ አሉ። «እኔ ከውቅሮ ነኝ። በል እስቲ ወደይ፣ ልጄ፣ ሙያህ ከሆነ እውነቱን ንገረኝ። ያ የጎማ ራስ የተላጨ ራስ ይመስላል?»

ቃላቸውን ሁሉ እንደ ጸበል ሲጠጣ ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ሊዋሽ አሰበ። ግን ዓይናቸው እንደ መድረኩ ላይ ዓይን ቀጥ ብሎ ያየዋል።

«አይመስልም፣ እትዬ» አለ። «አዲስ የተላጨ ራስ ቀለሙ አንድ ዓይነት አይሆንም። ፀሐይ ያላየው ቆዳ ነጣ ይላል። ደግሞ... ራቁቱን ያለ ይመስላል። ያፍራል።»

«ያፍራል» አሉ እሳቸው ቀስ ብለው። ፌስታላቸውን ይዘው ወደ መኪናው ሄዱ። ሃይለአብ ምላሱን ሊቆርጣት ደረሰ።

በሳምንቱ አጋማሽ አንዲት ወጣት ወደ ፀጉር ቤቱ ስልክ ደወለች። ሰብሊ ነኝ አለች፤ በቴአትሩ የእናትየዋን ምራት ሆና የምትሠራው ናት። «እትዬ ናቸው አድራሻህን አፈላልጊ ያሉኝ። ማለቴ፣ እሑድ ቀደም ብለህ እንድትመጣላቸው ፈልገው ነው። ዕቃህን ይዘህ ና ብለዋል። ምላጭ እንዳትረሳ፣ በቃ እሷን ደጋግመው ነው ያሉኝ።»

ስልኩን ሲዘጋ ሁዘይፋ «ማን ሞተ?» አለው፤ ፊቱን አይቶ።

እሑድ ሃይለአብ ንጹሕ ፎጣዎቹን፣ መቀሱን፣ ምላጩንና አልኮሉን በቦርሳ ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በኋላ በር ወደ ውስጥ ገባ። ሰብሊ በጠባብ ኮሪደር አሳለፈችው። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ የሣንቃ ቤቶች፣ ከጨርቅ የተሠራ ዛፍ፣ የተገለበጠ ዙፋን አለፈ። ያ እንስራ ይኖር ይሆን ብሎ በየጥጉ ቃኘ። የመልበሻው ክፍል በፓውደር ሽታ ታፍኗል። እትዬ ገበያነሽ መስታወት ፊት ተቀምጠው ሻሻቸውን ፈቱ። ፀጉራቸው ረዥም ነው፤ ከፊሉ ሸብቷል፣ ወገባቸው ይደርሳል። ሃይለአብ ጫፉን በመዳፉ አነሣ።

«እትዬ፣ ይህን?»

«ይህንን። መጀመሪያ በመቀስ፣ ከዚያ በምላጭ። ማሽን አልፈልግም። እናቴ አባቴን ስታጣ በምላጭ ነው የተላጨችው።»

«ለቴአትር ብለው ነው? ቆቡን የሚያስተካክል ባለሙያ እኮ አይጠፋም...»

ሰብሊም ከበሩ ሆና «እኔም እሱን ነው የምለው» አለች። እትዬ ገበያነሽ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት፤ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

«አባዲ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ። «እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩት። መንገዱም ስልኩም በተዘጋበት ጊዜ ውቅሮ ላይ አረፈ። የሰማሁት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። የሰማሁት እዚህ ነው፤ ይህችው ወንበር ላይ። ውጪ አዳራሹ ሞልቷል። የዚያን ጊዜ የምንሠራው የሚያስቅ ቴአትር ነበር፣ ታስታውሰዋለህ?»

ሃይለአብ መቀሱን እንደያዘ ቀረ። ያንን ቴአትር እንዴት ይረሳል! አሽሟጣጭ ባለጠላ ሆነው የሠሩበት ነው። ሆዱን ይዞ የሳቀበት፣ ለሁዘይፋ እየደጋገመ ያወራው።

«ወጣሁና ሠራሁ» አሉ። «ሕዝቡ ሳቀ። ደህና አድርጌ ነው ያሳቅኩት። ቤቴ ገብቼም ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ ማን ይመጣል? ሁሉም በየቤቱ የራሱን ነበር የሚያለቅሰው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እዚህ መድረክ ላይ ያልወለድኩትን ልጅ በጎማ ራስ አለቅሳለሁ። ለሓወይ፣ ለገዛ ወንድሜ ግን አንዲት ፀጉር አልቆረጥኩለትም። ያን ቀን ‹ራቁቱን ነው፣ ያፍራል› ስትለኝ... በል፣ ጀምር ወደይ።»

«እኔም ነበርኩ፣ እትዬ» አለ ሃይለአብ። «ያንን ቴአትር ሁልጊዜ እመጣ ነበር። ያን ቀንም ስቄ ይሆናል።»

ዞር ብለው አዩት። ቁጣ ይጠብቅ ነበር። «ጎሽ» አሉት። «ለዚያ ነበር የሠራሁት። ባትስቅ ኖሮ ነበር የምቀየምህ።»

መቀሱን አስጠጋ። የመጀመሪያው ጉንጉን ሲወድቅ እትዬ ገበያነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሃይለአብ በሥራው ዘመን የስንቱን ራስ በእጁ ይዟል፤ የሙሽራ፣ የሕፃን፣ የባለሥልጣን። እንደዚህ ዓይነት ጸጥታ ግን ነክቶ አያውቅም። አረፋውን ቀብቶ ምላጩን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ሲስብ፣ ቆዳቸው ከእጁ ስር እንደ ብራና ይገለጣል። ከጆሯቸው ጀርባ አንዲት ቦታ ምላጩ ጫረችና ደም ብቅ አለ። «ይቅርታ እትዬ!» ሲል፣ «ተወው፣ እሷም ትኑር» አሉት። እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል፤ ትከሻቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን አንድም ሳያስቀር ለቅሞ፣ እንዳዘዙት በነጭ ነጠላ ቋጠረላቸው።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ሄዶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። እዚህ ላይ የሆነውን ሃይለአብ ለሰው ሲያወራ ሁልጊዜ ያቋርጣል፣ ከአፉ አይወጣለትም። ያንን ራስ እሱ ነው የላጨው። ጉብታውን፣ ስርጉዱን፣ ከጆሮ ጀርባ ያለችውን ጭረት በጣቶቹ ያውቀዋል። ስለዚህ መብራቱ በርቶ እናትየዋ በመድረኩ መሐል ስትታይ፣ እትዬ ገበያነሽን አያለሁ፣ የእጄን ሥራ አያለሁ ብሎ ነበር የጠበቀው። አላያቸውም። የተቀመጠችው አንዲት የማያውቃት፣ ልጇ የሞተባት ሴት ናት። እጇን ቀስ አድርጋ አነሣች። ይህ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነው። መዳፏን የተላጨው ራሷ ላይ አሳረፈች፤ ልክ ልጅ ትኩሳት እንዳለው እንደሚዳሰስ። ከዚያ እጇ እዚያው ቀረ።

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ ደረቷን እየመታች «ወይኔ ወንድሜን!» አለች። ሌላዋ ከወዲያ ተቀበለቻት። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም የየራሱን፣ ሳያለቅስለት ያለፈውን ሰው ያለቅስ ጀመር። ያ አዳራሽ ድንኳን ሆነ። ሃይለአብ እንባውን መጥረግ ረስቶ ያቺን ሴት ያያል። የሰው ልጅ የራሱን ሐዘን አንሥቶ እንዲህ ለሁሉ ማዳረስ ይችላልን? እያለ ነበር በልቡ። ፍርሃት ፍርሃት አለው፤ ቤተ መቅደስ ገብቶ መጋረጃው ሲገለጥ እንደሚሰማው ያለ ፍርሃት። መጋረጃው ከተዘጋም በኋላ ሰው ብዙ ቆይቶ ነው የተነሣው።

የመልበሻው ክፍል አሁን ለሱ ክፍት ነው። ቢሆንም ሄዶ ያው የኋላ በር ላይ ከሌሎቹ ጋር ቆመ። እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ ፎቶ የጠየቃቸው አልነበረም። ሰው ተራ በተራ ትከሻቸውን እየሳመ «እግዜር ያጥናዎት» ይላል፤ ለቴአትሩ እናት ይሁን ለእሳቸው፣ የሚለውም ሰው የሚያውቅ አይመስልም። እሳቸውም «አሜን፣ አብሮ ያጥናን» ይላሉ። ሃይለአብ ተራው ሲደርስ እጃቸውን ሊጨብጥ ዝቅ አለ። አቅፈው ግንባሩን ሳሙት። «የቐንየለይ» አሉት በጆሮው፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ቴአትሩ ከመድረክ ሲወርድ እትዬ ገበያነሽ የፀጉራቸውን ቋጠሮ ይዘው ውቅሮ ሄዱ። ሲመለሱ ሳይታሰቡ ወሎ ሰፈር ፀጉር ቤቱ በር ላይ ብቅ አሉ። ሁዘይፋ የሚቆርጠውን ሰው ትቶ ብድግ አለ። ወንበር ለቀቁላቸው፤ የበቀለው ፀጉራቸው ጨው የመሰለ፣ አጭር፣ ጥጥ ጥጥ የሚል ነው።

«ቀበርኩት» አሉ ለሃይለአብ፤ ሌላውም እንዲሰማ ድምፃቸውን አልቀነሱም። «ልማድ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ከአባዲ መቃብር፣ ከእግሩ ስር አፈር ጫር አድርጌ ቀበርኩት። የአገሩ ሴቶች ገና ከመኪና ስወርድ ራሴን አዩና ማን ነሽም አላሉኝ፤ ይዘውኝ ገቡ። ሦስት ቀን ለቅሶ አስቀመጡኝ። የአባዲ ሚስት እጄን ይዛ ‹ስንጠብቅሽ ነበር› አለችኝ።»

ሃይለአብ ፎጣውን አንገታቸው ላይ አድርጎ፣ ከኋላቸው እንደ ቆመ በመስታወቱ ውስጥ ያያቸዋል። ይህን ያህል ቀርቧቸው፣ ራሳቸውን ሁለት እጁ ውስጥ ይዞ እንኳ፣ አሁንም ምላሱ ተሳስሯል።

«ምነው ቆምክ?» አሉት እየሳቁ። «ማጅራቴን ብቻ አስተካክልልኝ። ላዩን ተወው፣ ይደግ።»