የገበታው ቁጥር

ይርጋ ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ ያላላል። ደብረ ታቦር ውስጥ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ከቤት ቤት ሲዞር ያረፍድና ቤቱ ገብቶ እጁን ይታጠባል፤ ቀበቶውን አላልቶ ከሚስቱ ከዓለሚቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ገበታ ይቀርባል።

በጥቅምት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ደሙን ተመረመረ። ነርሷ ስኳሩ ከፍ ማለቱን ነገረችው።

«ምግብ ይቀንሱ። በወሩ ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን።»

የይርጋ አባት በዚሁ በሽታ አንድ እግራቸውን ተቆርጠዋል። ይርጋ ደግሞ እንጀራው በእግሩ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ስመኝ የምግብን ካሎሪ የሚያሰላ ድረ ገጽ ፈልጋ አገኘችለት። የምግቡን ዓይነትና መጠን ሲሞሉለት ድምሩን ያወጣል። እንጀራን ያውቃል፤ ሽሮንም ያውቃል። አሞላሉን በስልኩ አሳየችውና ወደ ጥናቷ ሄደች።

ይርጋ ብቻውን ሞላው። ምሳህ ምን ነበር ሲለው ገበታውን አሰበ፤ ምሳ ማለት ለእሱ ገበታው ነው። አምስት እንጀራ ብሎ ጻፈ። ሽሮውንም በጭልፋ እያሰበ ጨመረ። ድምሩ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ መጣ። ከሥሩ፣ በእሱ ዕድሜና ክብደት ላለ ሰው ለሙሉ ቀን ሁለት ሺህ እንደሚበቃ ተጽፏል። ስልኩን አጠፋ፤ ለማንም አልተናገረም።

በማግሥቱ «ለእኔ በሳህን አድርጊልኝ» አለ።

ዓለሚቱ ቀና ብላ አየችው። «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

«ሐኪም ነው ያዘዘኝ።»

ግማሽ እንጀራ በሳህን ይዞ ዱካ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ሳምንት አለፈ። በስተመጨረሻ፣ በጋፋት በኩል ዳገት ሲወጣ ጉልበቱ ከዳውና አንድ ግቢ አጥር ሥር ቁጭ አለ። ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ነርሷ ጦም እደር አለችህ?» አለች ዓለሚቱ።

ይርጋ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን አሳያት። ስመኝ ከእናቷ ትከሻ በላይ አየችው።

«አባዬ፣ አምስት እንጀራ ማን በላ?»

«ገበታው ላይ የነበረው ነዋ።»

«ገበታው ላይማ አራት ሰው ነበር። የተረፈውንም ማታ ፍርፍር አድርገነዋል።»

ዓለሚቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አንድ ቆጣሪ ለአራት ተከራይ ሲሆን፣ ይኼ የግቢው ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም እያልህ ስታስረዳ አልነበር የምትውለው?»

እውነቷን ነው። ዓመት ሙሉ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። እሱም ሳቀ።

በዚያው ቀን ገበታ ቀረበ። ዓለሚቱ በፊቱ አንድ ሙሉ እንጀራ ለይታ አነጠፈችለት፤ ከዚያው ብቻ በላ። ግማሽ ተጨመረለት። ስመኝ አስልታ የመጣው ቁጥር ለምሳ ከሚበቃው ብዙም አልራቀም። ከዚያ የቀኑን ሌላ ነገር ሁሉ ጠየቀችው። ቆጣሪ በሚያነብባቸው ቤቶች ሻይ ይቀርብለታል፤ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር ያደርጋል። የቀኑ ስኳር ሲደመር ከአንድ ሙሉ እንጀራ ልቆ ተገኘ።

«ጠላስ?» አለ ይርጋ ቀስ ብሎ።

«ጠላን አያውቀውም።»

«እሰይ።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ዓለሚቱ።

ከዚያ ወዲህ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ጠላ ለበዓል ሆኗል። እንጀራውን አንድ ተኩል አድርጎ ከገበታው ይበላል። በወሩ ነርሷ ውጤቱን አየችና መድኃኒት እንደማያስፈልገው ነገረችው። ከጤና ጣቢያው ሲወጣ እግሮቹን ቁልቁል አያቸው።

የሚቀጥለው ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው።