ፎቶውን የጠበቀ ቁልፍ

ሥራ የጀመርሁ ቀን አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ድረ ገጽ መሥራትን ያለ አስተማሪ የተማርሁት በፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ ደንበኛ በሚጠፋበት ሰዓት ነው። የተቀጠርሁበት ድረ ገጽ ሠሪ ቢሮ ባሕር ዳር፣ ጣና ከሚታይበት ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ትርንጎ በዕድሜ ታናሼ ቢሆኑም አንቱ እላቸው ነበር።

«አቶ ሙላት፣ ዲፕሎማ አልጠይቅዎትም» አሉኝ ሊቀጥሩኝ ሲፈትኑኝ። «ገጽ ሲከፈት ምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል ይንገሩኝ።»

«ጽሑፉና የሚጫኑት ቁልፎች ሲደርሱ፣ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ አንድ ጊዜ ያስታውቃል። ፎቶውም ሌላውም ተሟልቶ ሲገባ ደግሞ ‹ሎድ› ብሎ ያስታውቃል። እኔ ቁልፎቹን ሥራ የማስጀምራቸው በሁለተኛው ነው።»

«ለምን በመጀመሪያው አይሆንም?»

«ሁሉ ሳይሟላ መጀመር ሥርዓት አይደለም።»

«ቤትዎም እንዲህ ነው?»

«ቤቴም እንዲህ ነው።»

እውነቴን ነበር። በቤቴ ሁሉ ሳይሰበሰብ ወደ ማዕድ እጅ አይዘረጋም። ልጄ ዘውዴ በልጅነቷ ወንድሟ ሳይመጣ አንድ ጊዜ ብትቆርስ፣ እጇን አስታጥቤ ከማዕድ ራቅ ብላ እንድትጠብቅ አድርጌአለሁ። ኮድም የጻፍሁት በዚሁ ደንብ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መራዊ አካባቢ ላሉ የመስኖ ገበሬዎች ገጽ ሠራሁ። ገበሬው በስልኩ ከፍቶ «ተራዬን መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ የሳምንቱ የውኃ ተራ ይያዝለታል። ምዝገባው አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከላይ የቦዩ ፎቶ እንዲኖር ፈለጉ። ካሜራው እንደሰጠኝ፣ መጠኑን ሳልቀንስ ለጠፍሁት። ቢሮ ውስጥ ወዲያው ተከፈተ።

በመጀመሪያው አርብ፣ አምስት ሰዓት ሲል፣ ዘውዴ ደወለች። እዚያው መራዊ አጠገብ፣ ቆጋ መስኖ ላይ የግብርና ባለሙያ ናት።

«አባዬ፣ ቁልፉ ይታያል እንጂ አይሠራም።»

«በደንብ ተጫኚው።»

«ጣቴ ከእርስዎ ጣት አያንስም፣ አባዬ።»

ከጎኗ አያ ደመላሽ የሚባሉ ሽማግሌ ሲናገሩ ሰማሁ። «ይህ ቁልፍ ለጌጥ ነው እንዴ የተሰፋው? ድንቼ ዛሬ ተራ ካላገኘ የሚቀጥለውን ሳምንት አያይም።»

ስልኩን ዘጋሁና ለወይዘሮ ትርንጎ «ገበሬዎቹ መጫን አልቻሉበትም» አልሁ። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እሳቸው አልተከራከሩኝም። «ብራውዘሩ ላይ ኔትወርኩን አዘግይተው ይክፈቱት» አሉ ብቻ። ቢሮ ተቀምጦ የገጠሩን ቀርፋፋ ኔትወርክ የሚያስመስለውን ያን ሙከራ አንድም ቀን አድርጌ አላውቅም ነበር።

ከፈትሁት። ጽሑፉ መጣ፣ ቁልፉ መጣ። ተጫንሁት፤ ዝም። ፎቶው ከላይ ወደ ታች በቀጭን በቀጭኑ ይወርዳል። ቁልፉ የሚጠብቀው እሱን ነው።

የሚለወጠው ጥቂት መስመር ነው፤ ቁልፉን ብራውዘሩ መጀመሪያ ከሚያስታውቅበት ጊዜ ጋር ማያያዝ፣ ፎቶው ከቀረም ቦታው እንዲደበቅ ማድረግ። ግን ቸኮልሁ። ከኮዱ አንድ ቅንፍ ሳላውቅ አጠፋሁና ቁልፉ ጭራሽ ደነዘዘ። ቅንፉን ፈልጌ እስካገኝ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ደወልሁላት። «ዝጊውና እንደገና ክፈቺው።»

በአያ ደመላሽ ስልክ ከፈተችው።

«ፎቶው አልመጣም፣ አባዬ።»

«ፎቶውን ተዪው። ቁልፉን ተጫኚ።»

«ቆይ... ተመዘገበ። አያ ደመላሽ ተመዘገቡ። ስልኩን ይዝጉት፣ የሚመዘገብ ሌላ ሰው አለ።»

ከስድስት ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። ሁለት ገበሬዎች ጠዋት ሞክረው፣ እምቢ ሲላቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ኖሯል። ተራው አመለጣቸው። ለሊቀ መንበሩ ጥፋቱ የኔ እንጂ የኔትወርኩ እንዳልሆነ ነገርኋቸው። «ለእነሱስ ማን ይንገራቸው?» አሉኝ። ሰኞ መራዊ ሄጄ ራሴ ነገርኋቸው። አንደኛው ሰምቶኝ ዞሮ ወደ ማሳው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ባለ እሑድ የዘውዴ አውቶቡስ ዘገየ። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ብሉ፤ ድርሻዋን አስቀምጡላት» አልሁ። እሷ ስትገባ ግማሹ ተበልቶ ነበር። ማዕዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እጇን ልትታጠብ ሄደች። «በደንብ ተጫኚው» ስላልኋት ይቅርታ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ሰው ገጹን የከፈተበት ጉዳይ ፎቶ አይጠብቅም። ገጽ የምትሠሩ ሁሉ፣ በቀርፋፋ ኔትወርክ ሳትሞክሩት «ሠርቷል» አትበሉ።