ገመዱ የተተበተበበት ዶሮ ነጋዴ

"እናቴዋ፣ ምላጭ አለሽ?" አለኝ ዛሬ ጃጁራ ገበያ ላይ አጠገቤ ዶሮ የሚሸጠው ሰውዬ። ጠዋት እኮ "አንቺ ሴትዮ" ነበርኩ!

ዶሮዎቼን አራርቄ፣ እያንዳንዷን በአጭር ገመድ በየራሷ ችካል ሳስር "በሬ መሰለሽ እንዴ?" ብሎ ገበያተኛውን አሳቀብኝ። እሱ የሁሉንም ረጅም ገመድ አንድ ችካል ላይ ቋጥሮ ተቀመጠ።

ከዚያ ውሻ አለፈ። የሱ ዶሮዎች ሲራወጡ ገመዱ እግርና ክንፋቸውን አንድ ላይ ተበተበው። ለሠርግ ሊገዛቸው የተስማማ ደንበኛ "እስክትፈታ አልቆምም" ብሎ ወደ እኔ ዞረና የኔን በሙሉ ወሰደ።

ያኔ ነው ገመዱን ሊቆርጥበት ምላጭ የለመነኝ። ምላጩ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አልዋሽም። "ጠዋት በገለፈጥክበት ጥርስህ በጥሰው!" አልኩት። ያሳዘኑኝ ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው።

እናንተስ፣ የሳቀባችሁ ሰው ዞሮ ሲለምናችሁ ምን አላችሁት? ጻፉልኝ፣ አብረን እንሳቅበት።