ጀልባ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ከከተማው ዳር ያለው ሐይቅ ሐይቅ አይደለም፤ ወንዝ ገድበው ያቆሙት ውኃ ነው። እኛ ካዛንቺስ ቧንቧው በሳምንት አንዴ ሲያስነጥስልን፣ እዚያ ጃንጥላ ተክለው፣ ጀልባ አስገብተው፣ ጭማቂ እየሸጡ መዝናኛ አሉት። ልጄን የሚፈልጋት ልጅ እዚያ አስተናጋጅ ነበር።

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ለማንም ልሰጣት አላሰብኩም። በእኛ ወግ ሽማግሌ «ቁጭ በሉ» ካልተባለ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ልጁ የሚልካቸውን እንደቆሙ ላሰናብታቸው ወስኛለሁ።

ልጄ፣ «አባዬ፣ ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ሦስት ሽማግሌ የት ይቆማል? እዚያው ሐይቁ ጋ ይሁን፣ በቃ» አለች። ከፋኝ። ግን እውነቷን ነው፤ አልጋው ላይ ካልቆሙ ቦታ የለም።

ቅዳሜ ሄድን። ልጁ አክብሮኝ ሊሞት ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ይሻላል ብሎ እኔንና ከቄራ የመጡትን ሦስት ሽማግሌዎች ጀልባ ላይ አሳፈረን፤ እሱና ልጄ ዳር ቀሩ። ጀልባው ላይ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ «ጀልባ ላይ መቆም ክልክል ነው» የሚለውን ስጨርስ ከዳር ርቀናል።

መሀል ስንደርስ ሦስቱም ጋቢያቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። ጀልባው ዘመመ።

«ኧረ ተቀመጡ አባቶቼ!» ጮኸ ቀዛፊው።

«አንተ ማነህና ነው የምታስቀምጠን?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ፣ የጎናቸውን ሰውዬ ትከሻ ጨብጠው። «የልጅቷ አባት እሳቸው ናቸው።»

«ይገለበጣል እኮ!»

«ይገልበጥ! ሳይፈቀድልን አንቀመጥም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጌታው፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን...»

የጀልባውን ጠርዝ ያዝኩ። ጀልባው ወዲያ ዘመመ፣ ወዲህ ዘመመ። አንዱ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ውኃው ጫማዬ ውስጥ ገባ። ዋና አልችልም። ካዛንቺስ ዋና የት ይማሩታል?

«ቁጭ በሉ» አልኩ።

ቁጭ አሉ። «እግዜር ያክብርልን!» አሉ ትልቁ፤ የቀረውን ተቀምጠው ጨረሱት። አስቀምጦ እምቢ ማለት ነውር ነው። እሺ አልኩ።

ዳር ስንደርስ ልጄ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አስቀመጥካቸው አባዬ! አየሁህ። እኔኮ አይሆንም ትላለህ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት።»

ታለቅሳለች። ፈርቼ ነው አላልኳትም።

«ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት። «ካልሲዬ ርሷል፤ እንሂድ።»